ጅማቱ ተጠገነ፣ እግሩ ግን መክዳቱን አልተወም፦ የስቴፈን ከሪ ቀኝ ቁርጭምጭሚት

ኤፕሪል 25 ቀን 2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ቫን ናይስ በሚባል አካባቢ አንድ የ24 ዓመት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን ሊታከም የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ተኛ። ምን እንደሚሠራለት ቁርጡን ሳያውቅ ነው የተኛው። ከፊቱ ሁለት መንገድ ነበር፤ የትኛው እንደሚሆን የሚለየው ካሜራው መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የተጠገነው ጅማት ላልቶ ከተገኘ፣ ሕይወቱ ካለፈ ለጋሽ በተወሰደ ቴንደን (ጡንቻን ከአጥንት በሚያያይዝ ጅማት) እንደ አዲስ ሊሠራ ነው። ያ ደግሞ ረጅም ወራት ማለት ነው፤ ሌላ የውድድር ዘመን ሊበላም ይችላል። ጅማቱ ጠንክሮ ከተገኘ ግን ውስጡን ጠርጎ መውጣት ብቻ ነው።

ተጫዋቹ ስቴፈን ከሪ ነው። ዛሬ ስሙ ሲጠራ ከሩቅ የሚወረወር ኳስ ነው ትዝ የሚለን። ያኔ ግን ስለ እሱ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ "እግሩ ይችላል ወይ?" የሚል ነበር።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በዝነኝነቱ ብቻ አይደለም። የተደጋገመ ወለምታ ያላላው ቁርጭምጭሚት ወደ ቀዶ ሕክምና ሲደርስ፣ ታካሚውም አንዳንዴ ሐኪሙም በችኮላ የሚያልፉትን ጥያቄ አፍጥጦ ያወጣዋል፦ እግር ሲከዳ ጥፋቱ የጅማቱ ብቻ ነው? ከሪ ጅማቱ ተጠግኖለት እግሩ መክዳቱን ያልተወ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የተወውን ያህል የተወው ደግሞ ጅማቱ ዳግመኛ ስለተሰፋ አይደለም።

መነሻው

ከሪ በ2009 በኤንቢኤ (በአሜሪካ ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ) የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በሰባተኛ ተራ ተመርጦ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ የተባለውን ቡድን ተቀላቀለ። በመጀመሪያው ዓመት ከ82 ጨዋታ 80ውን ተሰለፈ፤ ስለ እግሩ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ችግሩ የጀመረው በሁለተኛው ዓመት ነው። ከቅድመ ውድድር ጨዋታዎች ጀምሮ ቀኝ እግሩ ደጋግሞ ወለም ይለው ጀመር። የዚያን ዓመት 74 ጨዋታ ተጫውቷል፤ ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው መጥፎ አይደለም። የቁርጭምጭሚት ነገር አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። ያብጣል፣ በረዶ ይያዝለታል፣ በፋሻ ይጠፈራል፣ ሰውየው በሳምንቱ ይሮጣል። እብጠቱ ስለ ጠፋ ጅማቱ የዳነ ይመስላል። ጅማቱ ግን ሲድን ረዝሞና ላልቶ ሊድን ይችላል፤ የሚቀጥለው ወለምታ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀላል ሰበብ ይበቃዋል።

የቁርጭምጭሚትን የውጭ ጎን ሦስት ሊጋመንቶች ይይዙታል። ሊጋመንት ስል አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውን ጅማት ነው፤ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውን ቴንደን እለዋለሁ፤ በአማርኛ ሁለቱንም ጅማት ስለምንል ግራ እንዳያጋባ። ሦስቱም ሊጋመንቶች የሚነሱት ከፊቡላ ነው፤ ከእግር ውጭ በኩል በእጅ የሚዳሰሰው ጉብታ የእሱ ጫፍ ነው። የፊተኛው ወደ ታለስ ይሄዳል፤ ታለስ ከላይ በቅልጥም አጥንቶች፣ ከታች በተረከዝ መካከል የተሰነገ አጥንት ነው። የመካከለኛው ቁልቁል ወርዶ ተረከዝን ይይዛል። የኋለኛው ጠንካራ ነው፤ መገጣጠሚያው ካልወለቀ በቀር ብዙም አይበጠስም።

ከሦስቱ ደካማው የፊተኛው ነው። የሚፈተነውም አጥንቱ ሊረዳው በማይችልበት ሰዓት ነው። ታለስ ከፊት ሰፋ፣ ከኋላ ጠበብ ያለ ቅርጽ አለው። የእግር ጣቶች ወደ ላይ ሲቀኑ ሰፊው ክፍል በሁለቱ አጥንቶች መካከል ገብቶ ይቆለፋል። ጣቶቹ ወደ ታች ሲያዘቀዝቁ፣ ሰው ከዝላይ ሲወርድ እንደሚሆነው፣ ጠባቡ ክፍል ይገባና ቁልፉ ይላላል። በዚያች ቅጽበት የሌላ ሰው ጫማ ላይ ካረፉ እግሩ ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ክብደቱን በሙሉ የሚቀበለው ያ ደካማ ሊጋመንት ነው። ኃይሉ ከበረታ የመካከለኛውም ይከተላል። በውጭ ጎን ያሉት የፔሮኒየስ ጡንቻዎች ሊያድኑት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ወለምታ ከነርቭ መልእክት ይፈጥናል። ጡንቻው ትእዛዝ ደርሶት እስኪኮማተር ድረስ ጉዳቱ ደርሷል። ስለዚህ ጡንቻው የሚጠቅመው እግሩ መሬት ከመንካቱ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ተመልሼ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና

ከሪ በሜይ 2011፣ ባደገባት በሻርሎት ከተማ፣ የተቀደዱት የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ሊጋመንቶች በቀዶ ሕክምና ተጠገኑለት።

ወለም ያለው ሁሉ ቢላ አያስፈልገውም። አብዛኛው ሰው በጥሩ ፊዚዮቴራፒ ይድናል። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ የተቀደደ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ የሚሞከረው ድጋፍ አድርጎ ቶሎ መንቀሳቀስ፣ የፔሮኒየስ ጡንቻዎችን ማጠንከርና ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ከሦስት እስከ ስድስት ወር በአግባቡ ተሠርቶ እግሩ መክዳቱን ሳይተው ሲቀር ነው። "በአግባቡ" የምትለው ቃል ብዙ ጊዜ ተዘላ ትታለፋለች። ሁለት ቀን የመለጠጫ ላስቲክ መጎተትና ፋሻ ማሰር ፊዚዮቴራፒ ሞከርኩ አያሰኝም።

ሐኪሙ መላላቱን በእጁም ይለካዋል። በአንድ እጅ ቅልጥሙን ይዞ በሌላው ተረከዙን ወደ ፊት ይስባል፤ ታለስ ከጤነኛው እግር ይልቅ አብልጦ ወደ ፊት ከተንሸራተተ የፊተኛው ሊጋመንት ሥራውን እየሠራ አይደለም። ቀጥሎ ተረከዙን ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ይህ የመካከለኛውን ይፈትናል። በዚህ ዓይነት እየተሳበ የሚነሳ ራጅ መጠኑን በሚሊሜትርና በዲግሪ ያሳያል። ኤምአርአይ ደግሞ ከሊጋመንቱ ይልቅ ጎረቤቶቹን ለማየት ይጠቅማል፤ የታለስ ልም አጥንት ተፈንክቶ፣ ወይም የፔሮኒየስ ቴንደን ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ችግር በዓለም ላይ እንደ መነሻ የሚወሰደው ቀዶ ሕክምና ስዊድናዊው ሌናርት ብሮስትሮም በ1966 ያስተዋወቀው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የላላውን ሊጋመንት አሳጥሮ እዚያው በተፈጥሮ ቦታው መልሶ መስፋት። በ1980 ናታንኤል ጉልድ በአጠገቡ ያለውን፣ ቴንደኖችን እንደ መቀነት አፍኖ የሚይዘውን ሽፋን ስቦ በላዩ ላይ መደረብን ጨመረበት። ጥንዱ ብሮስትሮም-ጉልድ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሠራል። አሁን ክሩን አጥንት ላይ በሚተከሉ ትናንሽ መልሕቆች ማሰር የተለመደ ነው፤ አንዳንዶች በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ መገጣጠሚያው ውስጥ ካሜራ አስገብተው) ይሠሩታል፤ ጠንካራ ጥብጣብ የሚደርቡበትም አሉ።

ከዚያ በፊትና በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ገንኖ ነበር። ዋትሰን-ጆንስ፣ ኢቫንስ፣ ክሪስማን-ስኑክ በሚባሉት ዘዴዎች ከፔሮኒየስ ጡንቻዎች የአንዱን፣ የፔሮኒየስ ብሬቪስን ቴንደን፣ አንዳንዱ ሙሉውን አንዳንዱ ግማሹን፣ ወስደው በአጥንት ቀዳዳ እያሾለኩ እግሩን ያስሩታል። እግሩ በእርግጥ አይላላም። ግን ከታች ያለው የተረከዝ መገጣጠሚያም አብሮ ይታሰራል፤ ከወለምታ ሊያድን የሚችለው ጡንቻም ቴንደኑን ይነጠቃል። እኔ እንደማየው ይህ ዘበኛውን ገድሎ በሩን በሚስማር እንደመምታት ነው። ቴንደን መዋስ ግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቀረው ሊጋመንት ለስፌት የማይበቃ ከሆነ፣ የሰውየው መገጣጠሚያዎች ሁሉ ከተፈጥሮ የላሉ ከሆኑ፣ ወይም የቀድሞው ጥገና ከከሸፈ፣ ዛሬ የሚመረጠው ከጭን ወይም ከለጋሽ የተወሰደ ቴንደን በራሱ በሊጋመንቱ የተፈጥሮ መስመር ላይ መዘርጋት ነው። ከሪን በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሲጠብቀው የነበረው ይኸኛው ነው።

ከጥገናው በኋላ ያለው የተለመደ መንገድ ይህን ይመስላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ገደማ እግሩ ታስሮ በክራንች፣ እስከ ስድስተኛው ሳምንት በመራመጃ ቡት፣ ከዚያ በድጋፍ እየተራመዱ ጡንቻና ሚዛንን መገንባት፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ወደ ስፖርት። ከስፌቱ ይልቅ የሚያሰጋው የቆዳ ነርቭ ነው፤ መቁረጫው አጠገብ የሚያልፉ ነርቮች ከተነኩ የእግር ጀርባ ወይም ጎን ይደነዝዛል።

የተዘጋው በር

እዚህ ላይ ከሕክምና ውጭ የሆነ ነገር ገባ። ጁላይ 1 ቀን 2011 በኤንቢኤ ባለቤቶችና ተጫዋቾች መካከል ያለው ውል አልቆ ሊጉ ተዘጋ። እገዳው እስከ ዲሴምበር ሲዘልቅ የቡድን ባለሙያዎች ከተጫዋቾች ጋር እንዳይገናኙ ተከልክለው ነበር። ከሪ ከቀዶ ሕክምና ከወጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ነው በሩ የተዘጋው። ማገገሙን ከቡድኑ ሐኪሞችና አሠልጣኞች ዓይን ርቆ ቀጠለ። በዚህ ሰበብ ነው እግሩ የተመለሰበት ብዬ አልፈርድም። ግን የሊጋመንት ጥገና ውጤት የሚለየው በትክክል በእነዚያ ወራት ነው።

ሊጉ ሲከፈት የውድድሩ ዘመን ተጨምቆ 66 ጨዋታ ሆነ። ጨዋታዎቹ ተቀራረቡ፣ ዝግጅቱ አጠረ። ከሪ ገና በቅድመ ውድድር ጨዋታ ያው እግሩ ወለም አለው። ጃንዋሪ 4 ቀን 2012 ሳን አንቶኒዮ ላይ ደገመው። ዓመቱን በ26 ጨዋታ ዘጋው። በማርች ወር ዋሪየርስ ሌላውን የጋርድ ቦታ ተጫዋቻቸውን ሞንታ ኤሊስን ለሚልዋኪ ሰጥተው አንድሩ ቦገትን አመጡ፤ ቦገትም በበኩሉ የራሱን ቁርጭምጭሚት ተሰብሮ ቆሞ ነበር። ቡድኑ የወደፊት ዕጣውን በሁለት የታመሙ ቁርጭምጭሚቶች ላይ የጣለ ይመስል ነበር።

ጥገና ተደርጎለት እግሩ ለከዳው ሰው ሐኪም ምን ይጠይቃል? የመጀመሪያው ጥያቄ ስፌቱ ተበጥሷል ወይ ነው። ሁለተኛው፣ ሲጀመር ያልታየ ነገር ነበር ወይ? ተረከዙ ከተፈጥሮው ወደ ውስጥ ያጋደለ ሰው ጅማቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ በየእርምጃው ያንኑ ጅማት ይጎትታል፤ ለእሱ የተረከዝ አጥንቱን ቆርጦ ማቃናትም ሊያስፈልግ ይችላል። ሦስተኛው ጥያቄ በጣም የሚረሳው ነው፤ በእርግጥ እግሩ ላልቶ ነው የሚከዳው፣ ወይስ ሳይላላ?

እግር ሳይላላ ይከዳል። እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ፍሪማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1965 ይህን አንስቷል። ሊጋመንት ገመድ ብቻ አይደለም፤ የመገጣጠሚያውን አቀማመጥ ለአንጎል የሚናገሩ የነርቭ ጫፎች አሉበት። ሲቀደድ ገመዱም ወሬ ነጋሪውም አብረው ይጎዳሉ። ገመዱ ቢሰፋም ወሬው ዘግይቶ ከደረሰ፣ ፔሮኒየስ እግሩ መሬት ከመንካቱ በፊት አይዘጋጅም። ኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። ሌላም አለ። መገጣጠሚያው ውስጥ የበቀለ ጠባሳ በአጥንቶች መካከል ሲቆነጠጥ ድንገት የሚወጋ ሕመም ያመጣል፤ ጡንቻው ለዚያች ቅጽበት ይለቃል፣ ሰውየውም "እግሬ ከዳኝ" ይላል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። መድኃኒታቸው ግን ይለያያል፤ የነርቩን መዘግየት ቢላ ፈጽሞ አይነካውም።

ካሜራው ያየው

ቫን ናይስ ላይ ካሜራውን ያስገቡት ዶክተር ሪቻርድ ፈርኬል ናቸው። ምርጫው የአጋጣሚ አይደለም። ፈርኬል በቁርጭምጭሚት አርትሮስኮፒ ስማቸው የታወቀ ነው፤ በ1991 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በትክክል ይህንኑ፣ ከወለምታ በኋላ በመገጣጠሚያው የፊትና የውጭ ማዕዘን የሚበቅለውን ጠባሳና በአርትሮስኮፒ ማስወገዱን፣ ጽፈዋል።

ያገኙት ነገር ቡድኑ ከጠበቀው ሁሉ የተሻለ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ጸንቷል፤ የሻርሎቱ ጥገና ይዟል። በውስጡ ግን ወፍራም የተቆጣ ጠባሳ፣ ትርፍ የአጥንት ጉብታና የልም አጥንት ስብርባሪ ነበረ። ያ ሁሉ ተጠርጎ ወጣ። የለጋሽ ቴንደን አላስፈለገም።

ስለዚህ ያ የ26 ጨዋታ ዓመት "የከሸፈ ቀዶ ሕክምና" ተብሎ ቢመዘገብ ስህተት ነበር። ሊጋመንቱ የታዘዘውን ሠርቷል። ካሜራው ሳይገባ፣ "ወለም ማለቱን ካልተወ ላልቷል ማለት ነው" ተብሎ በቀጥታ ወደ ንቅለ ቴንደን ቢኬድ ኖሮ፣ ጤነኛ ጅማት ተቆርጦ ወራት በከንቱ በባከኑ ነበር። እኔ ከዚህ ጉዳይ አብልጬ የማደንቀው ያን ውሳኔ ነው፤ አይቶ መወሰን።

ከቁርጭምጭሚት ወደ ዳሌ

ከሪ በኦክቶበር ቅድመ ውድድር ላይ ያው እግሩ እንደገና ነካ አደረገው። በዚያው ወር መጨረሻ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 2012፣ የአራት ዓመት የ44 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከጊዜ በኋላ እሱን የሚያህል ተጫዋች በዚህ ዋጋ መገኘቱ ሰውን ሁሉ አስገረመ፤ ልዩነቱ የቁርጭምጭሚቱ ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል። በ2012-13 ግን 78 ጨዋታ ተሰለፈ፣ 272 ባለሦስት ነጥብም አስገብቶ በአንድ የውድድር ዘመን የነበረውን የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ።

በ2013 ኪኪ ላይልስ የተባለ የአካል ብቃት ባለሙያ ወደ ዋሪየርስ መጣ። የላይልስን ቀልብ የሳበው ከሪ ሲጫወት አቅጣጫ የሚቀይርበት መንገድ ነው፤ በድንገት ሲቆም፣ ሲታጠፍ፣ ሲነሳ ሸክሙን አብዛኛውን የሚያሳርፈው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነበር። ፍጥነቱም ከዚያ ነው፣ አደጋውም ከዚያ። ላይልስ ሸክሙን ወደ ላይ፣ ወደ ዳሌና ወደ መቀመጫ ጡንቻዎች ሊያሸጋግረው ተነሳ። ልምምዱ የሚያስደንቅ አልነበረም፤ ከዳሌ መታጠፍን መማር፣ የመሐል አካልን ማጠንከር፣ በአንድ እግር መቆም፣ ዴድሊፍት (ከባድ ብረት ከመሬት ማንሳት) መሥራት። 190 ፓውንድ ያህል የሚመዝነው ሰው በሁለተኛው ዓመት 400 ፓውንድ ያነሳ ነበር፤ ከቡድኑ የሚበልጠው ግዙፉ ፌስተስ ኤዚሊ ብቻ ነው።

ስለ ቁርጭምጭሚት ሲወራ ዳሌ መነሳቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። አንድ እግር መሬት ላይ ሲያርፍ ግን የሰውነት ክብደት ከእግሩ መስመር ምን ያህል ወጥቶ እንደሚያርፍ የሚወስነው ከላይ ያለው ነው። የዳሌ ጎን ጡንቻ ከደከመ ግንዱ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ክብደቱም ወደ እግሩ የውጭ ጠርዝ ይሄዳል፤ ያ ማለት ወደ ወለምታው አቅጣጫ ነው። ቁርጭምጭሚት ትንሽ መገጣጠሚያ ነው፤ ትንንሽ ስሕተቶችን ያርማል እንጂ ከላይ የሚመጣበትን ሙሉ ጭነት ብቻውን አይችለውም።

ከሪ በዚህ ላይ በየጨዋታው የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ማድረጉን ቀጠለ። ድጋፍ ማድረግ ጡንቻን ያሰንፋል ብለው የሚተዉት ሰዎች ይገጥሙኛል። ወለም ብሎት ለሚያውቅ ስፖርተኛ ድጋፍ የዳግም ወለምታን ዕድል እንደሚቀንስ ግን በደንብ ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱ ነው።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በቁጥር ሲታዩ 78፣ 80፣ 79 ጨዋታ ናቸው፤ ከእነዚህ በሁለቱ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ከሁለቱ በኋለኛው 402 ባለሦስት ነጥብ አስገባ። ይህ ሁሉ ከዳሌው መጣ ማለት አይቻልም፤ የጸና ሊጋመንት፣ የተጠረገ መገጣጠሚያ፣ ድጋፍና ሌላ አካሄድ በአንድ ላይ ናቸው፣ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መመዘን በአንድ ሰው ታሪክ አይሆንም። ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው። ሊጋመንቱ የተጠገነው በ2011 ነው፤ እግሩ ያመነለት ኋላ ነው።

ዲሴምበር 4 ቀን 2017 ኒው ኦርሊንስ ላይ ከሪ የተጋጣሚውን እግር ረግጦ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ በኃይል ተጠመዘዘ። ከአዳራሹ የወጣው በክራንች ነው። የቀድሞውን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ደነገጠ። ይህ ግን ሌላ ነገር ነበር። የሰው እግር ላይ ማረፍ የማንንም ጤነኛ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይድናል ወይስ መክዳት ይጀምራል የሚለው ነው። 11 ጨዋታ አመለጠው። ዲሴምበር 30 ከሜምፊስ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተመለሰና 10 ባለሦስት ነጥብ አስገብቶ 38 ነጥብ ይዞ ወጣ።